የተካፈልነው ጠብታ

ለምትናፍቂኝ እኅቴ ለእታለም አልጋነሽ፤

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቤተ ክርስቲያን ደርሰሽ ስትመለሺ አሁንም ዳገቱ ላይ ያስቀምጥሻል? የጋሼ ገብረ ማርያም ሳልስ በጋው ሲገባ ቀለል አለላቸው? እናታችንስ እንዴት ናት? እህል ይወርድላታል? እንቅልፍ ይወስዳታል? ስሜን ታነሣለች? የማሙሸት ሚስት በሰላም ተገላገለች? ኃይሌስ ትምህርት ቤቱ ተከፈተለት? ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው፣ ላሟ ሳትቀር እንዴት ሰነበታችሁ? እኔን ብትጠይቂኝ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያገኘሁትን እቀምሳለሁ። ደኅና መሆን አለመሆኔን ግን ይህን ወረቀት ጨርሰሽ ስታነቢ አንቺው ብትፈርጂ ይሻላል።

ደብዳቤሽ በሹፌሩ በይገረም እጅ ደርሶኛል። ኢሱዙውን ጎጃም በረንዳ አቁሞ እህሉን እያስወረደ ሳለ በአንድ ተሸካሚ አስጠራኝ። ስደርስ ከጋቢናው ሳይወርድ ወረቀቱንና የላክሽልኝን ጠበል በመስኮት አቀበለኝ። «እታለምሽ ተቆጥታለች፤ እኔን ባትሰሚ እሷን ስሚ» አለኝ። ሳነበው ለምን እንደተቆጣሽ ገባኝ። እናንተ ዘንድ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የኔ ወሬ የሚደርሳችሁ በሰው አፍ ነው፤ መንገድ ላይ ሳይጨመርበት አልቀረም። ዓይኔን ለምርምር ሸጬ፣ የሐኪሞች መሞከሪያ ሆኜ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ እንደምሄድ ነው የነገሩሽ። «ለፋሲካ ነዪ፣ ከመጣሽም አትመለሺም፤ እኔ ያለሁበት ጎጆ ላንቺ አይጠብም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አለዚያ እሺም ብል እንቢም ብል ምክንያቴ አይገባሽም።

ፊደሎቼ ተልቀው፣ መስመሩም እየተዘለለ ብታዪው አይግረምሽ። እንዳይደራረቡብኝ ብዬ ነው። የጻፍኩት በራሴ እጅና በራሴ ዓይን መሆኑን ግን እወቂልኝ።

የቀኝ ዓይኔን ከልጅነቴ ኩፍኝ እንደጋረደብኝ ታውቂያለሽ፤ ያን ጊዜ አዝለሽ ያስታመምሽኝ አንቺ ነሽ። ስኖር የኖርኩት በግራው ነው። ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ዝገት ስፍቅ የምውለው፣ መንገድ የምሻገረው፣ ሰው የምለየው በእሱ ነበር። ፊደልንም የቆጠርኩት በእሱ ነው። አንቺ መሠረተ ትምህርት ስትገቢ እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ከስኳር መጠቅለያና ከተቀደደ ጋዜጣ ላይ እየለቃቀምኩ ነው ማንበብ የቻልኩት። እንግዲህ በጥር መጨረሻ አንድ በርሜል ስፍቅ የዝገት ፍንጣሪ ተፈናጥሮ እዚሁ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

በእኛ ተራ ብረት ዓይን ውስጥ ሲገባ ሐኪም ቤት የሚሮጥ የለም። ክር በተጠመጠመበት የክብሪት እንጨት የሚያወጣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ይፈለጋል። በእኛ በኩል ያ ሰው ጋሼ ሙህዲን ነው፤ ምድጃ ቀጥቃጩ፣ የምፍቀውን ቆርቆሮ የሚረከበኝ። በርጩማው ላይ አስቀምጦ፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ ጠረግ አደረገልኝና «በይ፣ ለሠርግሽ ደርሰሻል» አለኝ። በእኔ ዕድሜ ሠርግ መባሉ አሳቀኝና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፍንጣሪው ወጥቷል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ። ዓይኔ እየቀላ፣ ብርሃን ሲነካው እየወጋኝ ሄደ። ከዚያም ብሌኑ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። ጋሼ ሙህዲን እሷን ባየ ጊዜ መዶሻውን አስቀመጠ። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ታክሲ ውስጥ ደግፎ አስገባኝና ሐኪም ቤት አደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ «የኔ እጅ ጣጣ ነው» እያለ ሄደ።

ዶክተር ኢማን የምትባል ወጣት ሐኪም አየችኝ። ብሌኔ ላይ ቁስል አለ፣ ቁስሉ ውስጥ ደግሞ ሻጋታ ገብቷል አለችኝ። ዳቦ ላይ የማውቀው ሻጋታ የሰው ዓይን ላይ እንደሚበቅል ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ከዚያ ስለ ጥናቱ ነገረችኝ። ለእንዲህ ያለ ቁስል የሚሰጥ የቆየ ጠብታ አለ፤ አዲስም መጥቷል፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚያድን ገና አልታወቀም። ስለዚህ ፈቃደኛ ለሆነ በሽተኛ ከሁለቱ አንዱ በዕጣ ይሰጠዋል። ብልቃጦቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ላያቸው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ የምታክመኝ እሷም አታውቅ። አልፈልግም ብል በቆየው ጠብታ ያክሙኛል። ከገባሁም በኋላ ሐሳቤን ብለውጥ መውጣት እችላለሁ።

ይህ ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝና «ላንብብልሽ?» አለች። ራሴ አነባለሁ አልኳት። እንባዬ እየወረደ፣ እያረፍኩ፣ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ። ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ስለዚህ እታለም፣ የገዛኝም ያታለለኝም የለም። አንብቤና ፈቅጄ ነው የገባሁት። ከኔ በኋላ ዝገት ሲፍቅ ዓይኑ ለሚጎዳበት ሰው መድኃኒቱ ይለይለታል መባሉም ደስ አሰኘኝ። እኔ ለማላውቀው ሰው የሚተርፍ ነገር ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን ተያዝኩ። ጠብታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ መግባት አለበት። ነርሷ፣ ሲስተር ሐመልማል፣ «ቤት ውስጥ ማን አለ? ማን ያደርግልሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንን ልበላት? ግቢያችን ለልማት ተፈልጎ ግማሹ ፈርሷል፤ ጎረቤቶቼ ዳር ዳሩን ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ሄደዋል። የቀረነው እኔና ተቆልፎ የሚውል አንድ መጋዘን ነን።  ነርሷ መልሴን ትጠብቃለች። በዚህ መሃል አጠገቤ፣ አንድ ዓይኗን በሻሽዋ ሸፍና የተቀመጠች ሴት «እኔም ሰው የለኝም። እኔ ለሷ ላድርግላት፣ እሷ ለኔ ታድርግልኝ፤ ምን ያስጨንቃል?» አለች። ሰኪናን ያወቅኋት እንዲህ ነው።

ሰኪና የስልጤ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ትበልጣለች። ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ቦንዳ የሚሉትን የሰልባጅ እሥር ስትፈታ የታሠረበት የብረት ቀበቶ ተፈናጥሮ ነው ዓይኗን የመታት። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ ሁዛይፋ ጅዳ ነው፤ እሷም እንደኔ ባንድ ክፍል ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ የገባሁበት ጥናት ውስጥ በዚያው ቀን፣ በሌላ ቁጥር ገባች። ማታውኑ ፍራሽዋን በጋሪ አስጭና ቤቴ መጣች። እኔ የሷን እጨምራለሁ፣ እሷ የኔን ትጨምራለች። እኔ ዓይኔን ስጨፍን «ክፈቺው እንጂ፣ ቆጥበሽ ለማን ልታወርሺው ነው?» ትለኛለች። አላወራ ስላት ደግሞ «ጎጃሜ ሁሉ እንዳንቺ ከሆነ እዚያ አገር ሰው መጣላቱን በምን ያውቃል?» ብላ ታሾፍብኛለች። እኔ እስቃለሁ። መልስ ሳልመልስላት እሷው መልሳ እሷው ትቀጥላለች።

ሁለቱ ቀናት ካለፉ በኋላም አልሄደችም። እኔም አልጠየቅኋት። የሷ ረመዳንና የኛ ዐቢይ ጾም ዘንድሮ ተገጣጠመ። ጠብታው ወደ ጉሮሮዋ ወርዶ ሲመራት «ጾሜ ሄደ» ብላ ተጨነቀች፤ ሼኩን ጠይቃ ለበሽተኛ አያስቸግርም ስትባል ነው ያረፈችው። ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሲጠራ ተምር ታቀርባለች፤ ተምር ለኔም የጾም ነውና አብረን እንቀምሳለን። እታለም፣ ስንት ዓመት በኖርኩበት ቤት በሩ ሲንኳኳ የኔ በር መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያ በአንዱ ቀጠሮ ዶክተር ኢማን በመሣሪያው አየችንና የኔ ቁስል እየጠበበ መሆኑን ነገረችኝ። የሰኪና ግን ባለበት ነበር። ስንመለስ ሰኪና ታክሲ ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሷ ዝም ስትል ያስፈራል። ቤት ስንገባ ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አቁማ አየቻቸው። «ያንቺው መድኃኒቱ ነው። የኔ ውኃ ነው» አለች። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት፤ ሁለቱም መድኃኒት ነው ይላል አልኳት። «ቦንዳውም ላይ አንደኛ ደረጃ ተብሎ ነው የሚጻፈው» አለችኝ።

እነሱ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ቦንዳ ለአንድ ሴት ስለሚከብድ ሁለት ሦስት ሆነው ይገዛሉ። ተጠቅጥቆ የታሠረ ነው፤ ውስጡን ማንም አላየም። ሲፈታ «ይኼ በኔ በኩል ወጣ» ብሎ ነገር የለም። ዙሪያውን ተቀምጠው አንድ በአንድ እያነሡ ደኅናውን ከደኅናው፣ ቅዳዱን ከቅዳዱ እኩል ይከፋፈላሉ። ደኅና ደኅናውን ለብቻዋ ወስዳ ባልንጀራዋን በቅዳዱ የምትሸኝ ሴት ሁለተኛ አብሯት የሚገዛ አታገኝም። ሰኪና ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በዚህ ነው። «እኛም ቦንዳ ገዝተናል እኮ፣ አልተፈታም እንጂ» አለች። «ዛሬ ካንቺ፣ ነገ ከኔ፤ ለሁለታችንም እኩል ይድረስ።» ለሷ ይህ የሐቅ ነገር ነበር።

ወረቀቱ ላይ ጠብታውን ለሌላ ሰው አትስጡ የሚለውን እኔ አንብቤዋለሁ፤ እሷ አላነበበችም። እንቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዝምታዬን ታውቂዋለሽ፤ ከውጭ ለሚያየው እሺ ይመስላል። በውስጤ ደግሞ እንቢ ካልኳት ፍራሽዋን ጠቅልላ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። የኔ ዓይን እየዳነ የሷ ባለበት ሲቆም እያየሁ የኔን ብልቃጥ ለብቻዬ መያዙም አሳፈረኝ። ስለዚህ ተካፈልን። አንድ ቀን ከኔ፣ አንድ ቀን ከሷ።

በየቀጠሮው ሲስተር ሐመልማል ከተሰጣችሁ ሌላ የጨመራችሁት ነገር አለ ወይ፣ ለሰው ያካፈላችሁትስ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሰኪና «የለም» አለች፤ ጾመኛ ስለሆነች አልማለችም፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ከበሩ ስንወጣ እጄን ይዛ «ካወቁ ያባርሩናል። ተባረርን ማለት ታወርን ማለት ነው። እንዳትናገሪ፣ አደራ» አለችኝ። አልናገርም አልኳት።

የሚቀጥለው ቀጠሮ የረመዳን አጋማሽ ላይ ነበር። የኔ ዓይን መልሶ ማሳከክ ጀምሮ ነበር፤ የሰኪና ግን ብሌኑ መሃሉ ድረስ ነጥቷል። ዶክተር ኢማን ሰኪናን በመሣሪያው ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሐኪም ጠራች። ሁለቱ እየተቀባበሉ አይተው እዚያው ቆመው ተነጋገሩ። የሚበዛው አልገባኝም። «ይህን ጠብታ ይህን ያህል ጊዜ ወስዳ ለውጥ ከሌላት መድኃኒቱ አልያዘላትም ማለት ነው፤ የሚቀጥለውን እንወስን» ሲሉ ግን ገባኝ። መወሰኛ ያደረጉት ነገር እውነት አለመሆኑን እዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ሰኪና አገጯን መሣሪያው ላይ እንዳስደገፈች በደኅናው ዓይኗ ታየኛለች። እታለም፣ አልወሰንኩም፤ አፌ ራሱ ተከፈተ። «ተካፍለናል» አልኩ።

ዶክተር ኢማን መጀመሪያ አልገባትም። ከመቼ ጀምሮ? ከማን ብልቃጥ? ብላ ጠየቀች፤ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። የብልቃጡ ጫፍ ዓይናችንን ነክቶ እንደሆነ ስትጠይቀኝና አንዳንዴ ይነካል ስላት ነው ፊቷ የተለወጠው። የአንዳችሁን ቁስል ለሌላዋ ስታስተላልፉ ነበር አለች። ከዚያ ሁለቱም መድኃኒት መሆኑን፣ ውኃ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ደግማ ነገረችን። ሰኪና እስኪጨርሱ ጠብቃ «አንቺ ዝምተኛ፣ የምትናገሪው እኔን ለመሸጥ ሲሆን ነው?» አለችኝ። 

ማንም አላባረረንም። በዚያው ሰዓት ሰኪናን አስተኟት፤ መድኃኒቷን ቀየሩላት። ለኔም አዲስ ብልቃጥ ሰጡኝ። ቀጠሯችን እንደሚቀጥል፣ የኛ ውጤት ግን ከሌሎቹ ተለይቶ እንደሚታይ ዶክተር ኢማን ነገረችኝ። «እንግዲህ የኔ ዓይን ለሰው አይጠቅምም ማለት ነው?» አልኳት። «የትኛው ጠብታ እንደሚሻል ከእናንተ ማወቅ አንችልም፤ ግን ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ የተሳሳተ ነገር እውነት ብለን እንይዝ ነበር» አለችኝ። አላጽናናችኝም፣ አልወቀሰችኝም። ያንን ይዤ ብቻዬን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ጠብታውን ለራሴ ለመጨመር የታጠፈ ጆንያ ትራስ አድርጌ መሬት ላይ እጋደማለሁ። አንዳንዱ ጉንጬ ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ግን የሚስቅ ሰው የለም። ሰዓቱን የማውቀው ከመስጊዱ በሚሰማው ጥሪ ነው። የመግሪቡ ሲሰማ ሁለት ፍሬ ተምር አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ አንዱን እበላለሁ፣ አንዱን እመልሳለሁ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ውዬ፣ ድምፄ እንዳለ ለማየት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ሰኪናን ልጠይቃት እሄዳለሁ። ምስር ሠርቼ፣ ዳቦ ጨምሬ፣ ከፊቷ አስቀምጣለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ለዒድም ሄድኩ፤ «እንኳን አደረሰሽ» ብላት አልመለሰችም። በማግሥቱ ስመለስ ግን ሳህኑ ታጥቦ አልጋው ሥር ይቀመጥልኛል። እሷ አትበላውም፣ ለአልጋ ጎረቤቷ እየሰጠች ነው ብዬ አስብ ነበር። የአልጋ ጎረቤቷ ግን ማታ ማታ ሰኪና ራሷ እንደምትበላው ሹክ አለችኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚህ መሃል ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልመጣ ቆርጬ ነበር። ሁለት ነጠላና ለእናታችን የገዛሁትን ጋቢ ጠቅልዬ አስሬ ነበር። ለጋሼ ሙህዲን ስነግረው «ሂጂ፤ ዘመድ ያለው ሰው ምን ይጠብቃል?» አለና መቀጥቀጡን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ግን መዶሻውን አቁሞ ቆርቆሮውን ያለ ሥራ ያገላብጠው ጀመር። ደኅና ሁን ብዬው ሄድኩ።

ረቡዕ ዕለት ቀጠሮዬ ነበር። ቁስሌ ተዘግቷል፤ ቀጭን ደመና የመሰለ ነገር ቀርቶበታል፤ እሱ ምናልባት እንደዚያው ይኖራል። እያየሁበት ነው፤ ይህን ደብዳቤ ለማንም ሰጥቼ አላስጻፍኩም፣ ራሴ ጻፍኩት። ልወጣ ስል ሲስተር ሐመልማል «ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እንዳታረፍጂ» አለችኝ። ምን አለ ሐሙስ? አልኳት። እሷም ገርሟት አየችኝና ነገረችኝ። የሰኪና ሻጋታ በአዲሱ መድኃኒት ጠፍቷል፤ ብሌኗ ግን ሳስቶ ጠባሳ ሆኗል። አንድ ሰው ሲሞት ዓይኑን ለሌላ ሰው እንዲሆን ተናዞ ነበርና ከዚያ የተገኘውን ብሌን የፊታችን ሐሙስ ሊተክሉላት ነው። ከተተከለ በኋላ ለብዙ ወራት ጠብታ አለ፤ በሰዓቱ የሚጨምርላት፣ ንጽሕናውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ደግሞ አይተክሉላትም። ማን ይሆንልሻል ሲሏት የኔን ስም ጠርታ «የሻሽወርቅ» ብላለች። «እሷ ካልሆነች አይነካኝም» ብላለች። ሲስተር የመሰላት ተነጋግረን የጨረስነው ነው።

ወደ ሰኪና ክፍል ሄድኩ። እንደ ወትሮው ወደ ግድግዳው ዞራለች። አጠገቧ ቆምኩ።  ሰኪናም ሳትዞር «ምን ትገተሪያለሽ? የጠብታዬ ሰዓት ደርሷል። እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። ታጠብኩ። ሲስተር ሐመልማል የብልቃጡ ጫፍ ምንም እንዳይነካ እንዴት እንደምይዘው አሳየችኝና አጠገቤ ቆማ ተመለከተች። ሰኪና በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ዓይኗን ከፈተች። ጠብታው ገባ። ይቅርታ አላልኳትም። መሐረቧን አውጥታ ጉንጯን ጠረገችና ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እንግዲህ እታለም፣ ለፋሲካ አልመጣም። ጥቅሌን ፈትቼዋለሁ፤ ጋቢውን ለብቻው ለይገረም ሰጥቼዋለሁ። ብሌኑ ሊይዝላት ይችላል፣ ላይይዝላትም ይችላል፤ ዶክተር ኢማን ቃል አልገባችም። ቢይዝም ባይዝም ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰው ከአጠገቧ መታጣት የለበትም፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። አንቺ ዘንድ ብመጣ እኔን የሚጠብቀኝ ብዙ ሰው ነው፤ ደስታዬን አልችለውም ነበር። እዚህ የምጠበቀው ባንድ ሰው ነው፤ እሷም ፊቷን አዙራ ነው የምትጠብቀኝ። ብተዋት ግን አንቺ ቤት ተቀምጬም እንቅልፍ አይወስደኝም። እንድትቆጪኝ አልፈልግም፤ ከተቆጣሽም በልክ ተቆጪኝ።

የላክሽልኝን ጠበል ዓይኔ ውስጥ አልጨመርኩትም፤ ቁስሉ እስኪዘጋ ከጠብታው በቀር ምንም እንዳይነካው ተብዬ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ጠጣሁት። ለእናታችን «ተጠቅማበታለች» በያት፤ እውነት ነው። የፋሲካ ዕለት ጾሙን ብቻዬን ነው የምፈታው። ለሰኪና ዕንቁላል ቀቅዬ እወስድላታለሁ፤ ሥጋ አንካፈልም፣ ዕንቁላል ግን ትበላለች። ዶሮ ስትጮኽና እናንተ ስትፈቱ እኔም እዚህ የምቀምስ መሆኔን አስቡኝ።

ለእናታችን ጉልበቷን ስመሽልኝ፤ ጋቢው ቢረዝምባት አጥፋ ትልበሰው። ጋሼ ገብረ ማርያምን እጅ እነሣለሁ፤ ለሳላቸው ማር ከተገኘ አይጉደልባቸው። ለማሙሸት፣ ለሚስቱ፣ ልጅም መጥቶ ከሆነ ለልጁ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ስሙን ጻፊልኝ። ኃይሌ ከትምህርቱ እንዳይቀር፤ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብሎ ለእናታችን ያንብብላት፤ ስለ ፍንጣሪው ያለውን ግን ይዝለልላት። ጎረቤቱን፣ ማኅበርተኛውን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሰላም በይልኝ። አንቺን እታለሜ፣ ጀርባሽ ላይ ሆኜ እንደነበረው አንገትሽን አቅፌ እሰናበትሻለሁ።

እኅትሽ የሻሽወርቅ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.